ከመቅረት መዘግየት፦ የታክስ ማሳወቂያና የዜግነት ማመልከቻ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ የዓባያ ሐይቅን ምዕራባዊ ዳርቻ ተከትሎ ሲወርድ የምዕራብ ዓባያ ወረዳን ያቋርጣል። የወረዳው ከተማ ብርብር ነው። አካባቢው በሙዝና በማንጎ ይታወቃል። ከዚህ የሙዝ አገር ተነስቶ ስለ አሜሪካ የታክስ ሕግ ማውራት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ነገሩ ግን የሚመስለውን ያህል የተራራቀ አይደለም። በዲቪ ዕጣ ወይም በሌላ መንገድ ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ ያላት የብርብር እናት፣ ልጇ ዘንድ የመሄድ ተስፋዋ ልጁ ቨርጂኒያ ውስጥ ሳይሞላ ባስቀመጠው የታክስ ቅጽ ሊጓተት ይችላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአሜሪካ ሕግ የግሪን ካርድ ባለቤት ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ሊያመለክት ይችላል። ለእናትና ለአባት ማመልከት የሚችለው ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ዜጋ ብቻ ነው። ቪዛው መቼና እንዴት ይሰጣል የሚለው እንደየአስተዳደሩ የሚለዋወጥ የፖሊሲ ጉዳይ ነው። የማመልከቻው በር የሚከፈተው ግን በዜግነት ብቻ ነው። ዜግነት ለመጠየቅ ደግሞ አመልካቹ ስለ ግብሩ መጠየቁ አይቀርም።

ታዲያ የታክስ ማሳወቂያውን ያዘገየ ሰው ዜግነት ይከለከላል? በወገኖቻችን መካከል ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንዱ “አንድ ዓመት ካመለጠህ አበቃልህ፣ ባታመለክት ይሻልሃል” የሚል ነው። ሌላው “ታክስ ከኢሚግሬሽን ጋር ምን አገናኘው? ዝም ብለህ አይ ብለህ ሙላ” የሚል ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ አደገኛ ነው።

ግብር የሚመጣብህና ግብር የምትወስደው

ችግሩ ከስንፍና ብቻ የሚመነጭ አይደለም። አገር ቤት ግብርን የምናውቅበት መንገድም ድርሻ አለው። የምዕራብ ዓባያ ገበሬ የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብሩን ቀበሌ ሄዶ የተባለውን ይከፍላል፤ ደረሰኙን ይዞ ይመለሳል። የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆነው ልጁ ደግሞ ግብሩ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ተቆርጦ ይቀራል። አነስተኛ ነጋዴውን ገማች ይመጣበታል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ይፋ በሆነ ጊዜ በብዙ ከተሞች የተነሳው ቅሬታ ይህን ልማድ በደንብ አሳይቷል። ክርክሩ “ገቢዬን እኔ ላሳውቅ” የሚል ሳይሆን “የተገመተብኝ በዛ” የሚል ነበር።

በአሜሪካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ማንም መጥቶ አይገምትም። ሰውየው ራሱ የዓመት ገቢውን ጽፎ፣ ግብሩን አስልቶ፣ ፈርሞ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 (በእኛ ሚያዝያ 7) ገደማ ለገቢ መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ ያቀርባል። ከደመወዙ በየሁለት ሳምንቱ ቢቆረጥበትም የማሳወቅ ግዴታው አይቀርለትም። ዕድሜ ልኩን ግብሩ ሲቆረጥበት የኖረ መምህር “ከደመወዜ ወስደውታል፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?” ቢል አይገርምም።

ሌላው ወጥመድ የግል ሥራ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ ወይም ኡበር ይነዳሉ። እንዲህ ያለው ሥራ በሕጉ ዓይን የግል ንግድ ነው። ከግል ሥራ ያገኘው የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማንም አስቀድሞ የሚቆርጥለት ስለሌለ፣ የዓመቱ ዕዳ በአንድ ጊዜ ተከምሮ ሲጠብቀው ይደነግጣል፤ ይደነግጥና ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

ሕጉ ምን ይጠይቃል?

ለአሜሪካ ዜግነት የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው አምስት ዓመት፣ ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በትዳር የሚኖር ከሆነ ደግሞ ሦስት ዓመት በቋሚ ነዋሪነት መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ “መልካም ሥነ ምግባር” እንደነበረው የማስረዳት ሸክሙ የራሱ የአመልካቹ ነው። ታክስ የሚገባው በዚህ በር ነው። ሕጉ መኮንኑ ከአምስቱ ዓመት በፊት የሆነውንም እንዲመለከት ስለሚፈቅድለት፣ “ጊዜው አልፎበታል” ማለት ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

ኤን-400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ስለ ግብር በቀጥታ ይጠይቃል። አንደኛው ጥያቄ ጊዜው ያለፈ የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የከተማ ግብር ዕዳ አለብህ ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ግሪን ካርድ ካገኘህ በኋላ በታክስ ቅጽ ላይ ራስህን “ነዋሪ ያልሆነ” ብለህ ታውቃለህ ወይ፣ ወይም ነዋሪ አይደለሁም ብለህ ሳታሳውቅ ቀርተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ አገር ቤት ለሚመላለሱ ወገኖች የተለየ ትርጉም አለው። እናቱ ታማበት ለወራት ብርብር የከረመ ሰው “ዘንድሮ ግማሹን ዓመት እዚያ አልነበርኩም” ብሎ ሳያሳውቅ ቢቀር፣ ሳያውቀው “ነዋሪ አይደለሁም” እንዳለ ሊቆጠር ይችላል። ደንቡ እንዲህ ያለውን ሰው ቋሚ ነዋሪነቱን እንደተወ የሚያስቆጥር ግምት ይወስድበታል። ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ቢቻልም ሸክሙ የእሱ ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የዜግነት ብቻ ሳይሆን የግሪን ካርዱም ጭምር ሊሆን ነው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 2025 የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት (ዩኤስሲአይኤስ) ያወጣው የፖሊሲ ማስታወሻ ሚዛኑን አጥብቆታል። ማስታወሻው መኮንኖች የአመልካቹን አጠቃላይ ሕይወት እንዲመዝኑ ያዝዛል። ግብርን በአግባቡ መክፈል ለአመልካቹ ከሚቆጠሩለት መልካም ነገሮች አንዱ ነው። ጊዜው ያለፈ ግብርን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ መጨረስም ጥፋትን ለማረም ማስረጃ ከሚሆኑት መካከል በስም ተጠቅሷል። በሌላ አነጋገር መንግሥት ጥፋተኛው ሊመለስበት የሚችልበትን በር አልዘጋም፤ በሩ ላይ የሚጠየቀውን ማስረጃ ግን አብዝቶታል።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል፤ መዘግየት፣ አለማሳወቅና መዋሸት። ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው እነዚህን አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰውየውን ለምሳሌ ያህል የፈጠርነው ነው፤ ሁኔታው ግን ለብዙዎች አዲስ አይሆንም። ከምዕራብ ዓባያ በዲቪ የሄደ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የኡበር ሹፌር ነው። አንድ ዓመት እናቱን ለማስታመም አገር ቤት ከረመ። የዚያን ዓመት ግብሩ 3 ሺሕ ዶላር ነበር፤ ገንዘቡ ስላልነበረው ቅጹንም ሳያስገባ ቀረ። ሁለት ዓመት ሞላው።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። ባለማሳወቅ የሚመጣው ቅጣት በየወሩ 5 በመቶ ሲሆን ከአምስት ወር በኋላ ይቆማል። ባለመክፈል የሚመጣው ቅጣት ግን በወር 0.5 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱ በሚደራረቡባቸው ወራት የመጀመሪያው ወደ 4.5 በመቶ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የእኛ ሹፌር ባለማሳወቁ 675 ዶላር፣ በ24 ወር ውስጥ ባለመክፈሉ ደግሞ 360 ዶላር፣ በድምሩ 1,035 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ወለዱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ገንዘብ ሳይኖረው ቅጹን ብቻ በጊዜው አስገብቶ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ 360 ዶላር ላይ በቆመ ነበር። ብዙዎች “የምከፍለው ሲኖረኝ አሳውቃለሁ” ይላሉ። ሕጉ የሚመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ባይኖርህም አሳውቅ።

የማሳወቂያ ጊዜውን እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ማስረዘም ይቻላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያቀረበ ሰው ዘገየ አይባልም። የሚራዘመው ግን ማሳወቂያው እንጂ ክፍያው አይደለም።

አሁን ሹፌሩ ዜግነት ሊጠይቅ ነው። ቅጹን ዘግይቶም ቢሆን ካስገባ፣ ዕዳውን ከከፈለ ወይም ከአይአርኤስ ጋር በየወሩ ለመክፈል ተፈራርሞ ስምምነቱን እያከበረ ከሆነ፣ መዘግየቱ ብቻውን ማመልከቻውን ይጥለዋል ተብሎ አይጠበቅም። የመሥሪያ ቤቱ የፖሊሲ መመሪያ ራሱ ቅጾቹ መግባታቸውን፣ ግብሩ መከፈሉን ወይም የአከፋፈል ስምምነት መደረጉን የሚያሳይ የግብር ባለሥልጣን ደብዳቤ ለአመልካቹ ሊጠቅመው እንደሚችል ይገልጻል። መኮንኑ ግን የመወሰን ሥልጣን አለው። ቃለ መጠይቁ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተሯሩጦ የገባ ቅጽና ከዓመት በፊት ተስተካክሎ ክፍያው የተጀመረ ጉዳይ በእሱ ዓይን እኩል አይደሉም።

ሁለተኛው ነገር ጨርሶ አለማሳወቅ ነው። ዕዳ ሳይከፈል፣ ቅጽ ሳይገባ፣ ማብራሪያ ሳይቀርብ የሚያመለክት ሰው ውድቅ ቢደረግበት ሊደንቀው አይገባም። የማመልከቻው ክፍያ በኢንተርኔት 710፣ በወረቀት 760 ዶላር ሲሆን ውድቅ ቢሆን አይመለስም። በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ወይም ሌላ ጊዜ እንደ አዲስ ማመልከት ይቻላል፤ የጠፋው ጊዜ ግን ጠፍቷል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው መዋሸት ነው። ዕዳ እያለበት “የለብኝም” ብሎ የፈረመ፣ በመኮንኑ ፊት በመሐላ የደገመው ሰው ጉዳዩ ከግብር ወጥቶ የሐሰት ቃል ይሆናል። የሐሰት ቃል ለብቻው መልካም ሥነ ምግባርን የሚያሳጣ ምክንያት ሲሆን፣ ዜግነቱ ከተሰጠ ከዓመታት በኋላ እንኳ እንዲነጠቅ ክስ ሊያስነሳ ይችላል። የ675 ዶላርን ቅጣት ለመሸሽ ዜግነትን ለዘለዓለም በጥርጣሬ ላይ ማንጠልጠል አይሆንም ትላላችሁ?

የግብር ማጭበርበር ወንጀል ከሆነማ መዘዙ ከዚህም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካዋሺማ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ለዚህ ምስክር ነው። ባልና ሚስቱ ከ1984 ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ የነበሩ ጃፓናውያን ሲሆኑ፣ ከሐሰተኛ የግብር ማሳወቂያ ጋር በተያያዘ በወንጀል ተፈርዶባቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ መንግሥት ያጣው ገቢ ከ10 ሺሕ ዶላር ከበለጠ እንዲህ ያለው ጥፋት ከአገር የሚያስባርር ከባድ ወንጀል ነው አለ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ነዋሪነት አላዳናቸውም።

በጋሞ ባህል “ጎሜ” የሚባል ነገር አለ። የተደበቀ ጥፋት በጥፋተኛውና በቤተሰቡ ላይ መከራ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። መፍትሔው ጥፋቱን በሽማግሌዎች ፊት ተናግሮ መታረቅ ነው። ለምዕራብ ዓባያ ሰው የኤን-400ን የግብር ጥያቄ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳው ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ከጥፋቱ ይልቅ መደበቁ ይብሳል።

በጊዜው ገብቶ የተሳሳተ

በጊዜው ማሳወቅም ብቻውን አይበቃም። ሁለት ስህተቶች በተለይ ቤተሰቡ አገር ቤት ያለውን ሰው ይመለከታሉ።

የመጀመሪያው የትዳር ሁኔታ ነው። አርባ ምንጭ ሄዶ አግብቶ የተመለሰ ሰው፣ ሚስቱ ገና ስላልመጣች የታክስ ቅጹ ላይ “ያላገባ” ብሎ ይሞላል። የዜግነት ማመልከቻው ላይ ግን የጋብቻውን ቀን ይጽፋል። መኮንኑ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያያቸው ጥያቄ ይነሳል። ሁለተኛው የጥገኛ ጉዳይ ነው። በየወሩ ገንዘብ የሚልክላቸው እናቱ በእርግጥም የእሱ ጥገኛ ናቸው፤ በአሜሪካ የታክስ ሕግ ግን የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነና አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ የማይኖር ሰው በጥገኝነት አይመዘገብም። “ትልቅ ተመላሽ አመጣልሃለሁ” የሚል ቅጽ ሞይ እናቱን ቢያስገባለት፣ ፈራሚው እሱ ነውና ተጠያቂው እሱ ነው። ሁለቱም ስህተቶች በማስተካከያ ቅጽ ሊታረሙ ይችላሉ፤ ከማመልከት በፊት ከሆነ ደግሞ እጅግ ይሻላል።

አርባ ምንጭ ላይ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ሰውም አለ። የግሪን ካርድ ባለቤት በዓለም የትም ያገኘውን ገቢ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለኢትዮጵያ የከፈለው የገቢ ግብር በአብዛኛው ይታሰብለታል፤ ይህ ግን ከማሳወቅ ነጻ አያደርገውም። ከአሜሪካ ውጭ ባሉ የባንክ ሒሳቦቹ ያለው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ጊዜ በድምሩ ከ10 ሺሕ ዶላር ካለፈ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሪፖርት አለበት።

ካናዳና እንግሊዝ

ካናዳ ጉዳዩን በቁጥር አስራዋለች። ከ2017 ማሻሻያ በኋላ አመልካች ከማመልከቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት 1,095 ቀን በአገሪቱ መኖር፣ የግብር ሕጉ የሚያስገድደው ከሆነም ቢያንስ ለሦስት የግብር ዓመታት ማሳወቅ ይጠበቅበታል። በዚያ በኩል ያለው አመልካች ቢያንስ የሚጠየቀውን አስቀድሞ ቆጥሮ ያውቃል። የአሜሪካው መንገድ በመኮንኑ ሚዛን ላይ ስለሚመሠረት ለጥንቁቁ ሰው ዕድል፣ ለቸልተኛው ደግሞ ሥጋት ነው።

በእንግሊዝ ጥያቄው የተነሳው ከዜግነት አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ፣ በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ላይ ነበር። ብዙ ባለሙያዎች ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያሳወቁት ገቢና ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የጻፉት ገቢ ሳይገጥም ቀርቶ ተከለከሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በባላጂጋሪ መዝገብ፣ የቁጥር ልዩነት ብቻውን ሰውን አታላይ ለማለት እንደማይበቃና አመልካቹ አስቀድሞ የመልስ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ወሰነ። ስህተትና ማታለል አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን የሚያስረዳው ግን በእጅ ያለ ወረቀት ነው።

በእኛ አገርስ?

የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ ሰው ቢያንስ አራት ዓመት መኖርን፣ ራሱንና ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት በቂና ሕጋዊ ገቢንና መልካም ሥነ ምግባርን ይጠይቃል። ግብርን በስም አያነሳም። ሆኖም ገቢው “ሕጋዊ” መሆኑን ከግብር ማስረጃ ውጭ በምን እንደሚያስረዳ ማሰብ ይከብዳል። በዚያው አዋጅ መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። መልሶ ለማግኘት እንደገና አገር ቤት መኖርንና የውጭውን ዜግነት መተውን ይጠይቃል። ስለዚህ ሹፌራችን አሜሪካዊ ሲሆን ከዚህኛው ዜግነት ይሰናበታል። ውሳኔው ቀላል አይደለምና፣ ይህን ያህል ዋጋ የሚከፈልበት ማመልከቻ በአንድ ያልገባ ቅጽ መሰናከሉ የበለጠ ያሳዝናል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማክበር ነው። አመልካቹ በመጀመሪያ የአምስት ዓመት የታክስ መረጃውን ከአይአርኤስ በነጻ ያውጣ። የጎደለ ዓመት ካለ ይሙላ፤ የስቴቱንም አይርሳ። ዕዳ ካለበት ይክፈል፤ ካልቻለ ይፈራረምና ወሩን ሳያሳልፍ መክፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ይያዝ። ተመላሽ የሚጠብቅም ቢሆን ከሦስት ዓመት በላይ ካዘገየ ገንዘቡ ለመንግሥት ይቀራል። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው አይአርኤስ የሚደግፋቸው በጎ ፈቃደኞች ቅጹን በነጻ ይሞላሉ። ያልገቡ ዓመታት ወይም የሐሰት ቃል ያለበት ሰው ግን ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ኤን-400 ይሂድ፤ የተጠየቀውንም እንዳለ ይመልስ።

የኮሙኒቲ ማኅበራትና የእምነት ተቋማትም ድርሻ አላቸው። አዲስ የመጣን ሰው መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ሥራ እንዲያገኝ የሚረዱ ወገኖች፣ በመጀመሪያው ሚያዝያ “ታክስህን አሳወቅህ?” ብለው ቢጠይቁት ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ጭንቀት ያስቀሩለታል።

የታክስ ወረቀቱ ሥራ በዜግነት ቀንም አያልቅም። ልጁ ዜጋ ሆኖ ለእናቱ ሲያመለክት፣ እንደሚደግፋቸው በሚፈርምበት ቅጽ ላይ የቅርቡን ዓመት የታክስ ማሳወቂያ እንዲያያይዝ ይጠየቃል። አባቶች “ከመቅረት መዘግየት” ይላሉ። በግብር ጉዳይ የዘገየ ቅጣቱን ከፍሎ መንገዱን ይቀጥላል። ብርብር ላይ የምትጠብቀውን እናት የሚያስቀራት ጨርሶ የቀረው ቅጽ ነው።